የሮስተሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

እንደሚታወቀው የትምህርት ቤት ወረቀት ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ ወጥቶ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር መግባት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ድሮ በካርቶን ማኅደር ታስሮ አቧራ ለብሶ ይኖር የነበረው ሮስተር ዛሬ በብዙ ቦታ ጉግል ድራይቭ ላይ ተቀምጦ፥ ሊንኩ በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ተለጥፎ፥ ሻይ እየተጠጣ የሚሞላ ሆኗል። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። እኛ እጩ መምህራንም ነገ በደባርቅ፥ በዳባት፥ በጃናሞራ፥ በአዲ አርቃይ ወይም ከዚያ በራቀ ወረዳ ስንመደብ የሚጠብቀን አሠራር ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። ይህን የጋራ ፋይል ማን ያንብብ? ማን ይጻፍበት? ማን ይሰርዝ? ለሌላ ሰው በሩን የሚከፍተውስ ማን ነው?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህማ የአይሲቲ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይላሉ። በበኩላችን በዚህ አንስማማም። ሮስተር ማለት የአንድ ልጅ የዓመት ድካም በአንድ መስመር የተጻፈበት ወረቀት ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለችው 49 ወደ 50 ከተለወጠች፥ ወይም 84 የነበረው ሳይታወቅ 48 ከሆነ፥ የሚያልፈውና የሚወድቀው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ልጁ ነው። ስለሆነም የፈቃድ ጉዳይ ከማስተማር ሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ ከውጭ የመጣ ጣጣ አይደለም።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንመልከት። አንድ ሰው በጉግል ድራይቭ ላይ ፋይል ሲከፍት የፋይሉ ባለቤት ይሆናል። ባለቤቱ ለሌሎች ሦስት ዓይነት ፈቃድ መስጠት ይችላል። አንደኛው የተመልካች ፈቃድ ነው፤ ያያል እንጂ አይነካም። ሁለተኛው የአስተያየት ሰጪ ፈቃድ ነው፤ በጎን «ይህ ማርክ ይጣራ» ብሎ ይጽፋል እንጂ ዋናውን አይለውጥም። ሦስተኛው የአርታዒ ፈቃድ ሲሆን ይጽፋል፥ ይሰርዛል፥ ከዚያም አልፎ ባለቤቱ ካልከለከለው በስተቀር ሌላ ሰው ይጋብዛል። ከእነዚህ በላይ ደግሞ «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይግባ» የሚል ምርጫ አለ። ይህ በተመረጠ ጊዜ ስም አይጠየቅም፥ ማንነት አይጠየቅም። ሊንኩን ያገኘ ተማሪም ይሁን ነጋዴ፥ የሰፈር ጎረምሳም ይሁን የማይታወቅ ሰው፥ ሰተት ብሎ ይገባል። ሊንክ እንደ ወሬ ነው፤ አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ታዲያ በተግባር ምን ይደረጋል? ለማስተማር ልምምድ በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች ያየነውን ስማቸውን ሳንጠራ ሁለት ነገር እንንገር።

በአንደኛው ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል ሮስተር ለመምህራን በሙሉ በአርታዒ ፈቃድ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቀን ከመምህራኑ አንዱ በስልኩ ሆኖ የተማሪዎቹን ስም በፊደል ተራ ለማስያዝ ፈለገ። መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን የመረጠው የስሙን ዓምድ ብቻ ስለነበረ ስሞቹ ተራቸውን ሲለውጡ ማርኮቹ ባሉበት ቀሩ። በመሆኑም የአንዱ ውጤት ለሌላው ሆነ። አንደኛ የወጣችው ልጅ ወደ ሃያዎቹ ወረደች፤ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ደግሞ ደረጃ አገኘ። ነገሩ የታወቀው ከቀናት በኋላ ልጂቱ እያለቀሰች ስትመጣ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌሎች መምህራን በላዩ ላይ አዲስ ማርክ ጽፈውበታል። ድራይቭ የቀድሞውን ቅጂ እንደሚያስቀምጥና ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የኋላው ሥራ አብሮ ይጠፋ ነበር። መጨረሻ ላይ መምህራኑ በየግል ደብተራቸው ከያዙት የማርክ ሊስት እንደገና አንድ በአንድ ሞሉት። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሌባ የለም፥ ክፉ ሰው የለም። ያለው ያለ ልክ የተሰጠ ፈቃድ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ትምህርት ቤት ችግሩ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሰነዶቹ ሁሉ በአንድ መምህር የግል አካውንት ተከፍተው ኖረዋል። መምህሩ በዝውውር ሄደ፤ ስልኩንም ቀየረ። የይለፍ ቃሉ ሲሞከር ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ አሮጌው ስልክ ነው። በዚህ መሀል ከሊማሊሞ ሥር፥ ከዛሪማ አቅጣጫ፥ አንድ አባት የልጃቸውን የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ፈልገው መጡ። ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ዳገት ወጥተው ነው የመጡት።

«አባባ፥ ሰነዱን የያዘው መምህር ተቀይሯል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ይበሉ» ተባሉ።

«ልጄ፥ የተማረችው እዚህ አይደለም ወይ? መምህሩ ቢቀየር ትምህርት ቤቱ ተቀየረ?» አሉ።

መልስ የሰጣቸው የለም። መልስም አልነበረውም። የእኚህ አባት ጥያቄ እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንል የፈለግነውን ሁሉ በአንድ አረፍተ ነገር ጨርሶታል። ሰነዱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ቁልፉ ግን የሰው ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ «ይህ አዲስ ነገር ስለሆነ ነው፤ ሲቆይ ይለመዳል» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንላለን፦ ስልኩ አዲስ ነው እንጂ አሳቡ አዲስ አይደለም። የሚያነብና የሚጽፍን መለየት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

ከሩቅ ሳንሄድ ከጎንደር እንጀምር። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የመሬት ሽያጭ፥ ስጦታና ውርስ የሚጻፈው በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም የመሬት መዝገብ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ውሉ ሲጻፍ የሻጩና የገዢው ስም ብቻ ሳይሆን የምስክሮቹና በጊዜው የነበሩት ሹማምንት ስም አብሮ ይሰፍራል። ይህ ምን ማለት ነው? ነገሩ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ እንዲሆን ተፈልጓል፤ ሆኖም እንደ ልቡ ብዕር አንሥቶ የሚጨምርበት ሰው አይኖርም። ለምን ቢሉ መጽሐፉ የሚኖረው በደብሩ ጥበቃ ሥር ነው፤ ማን በነበረበት እንደተጻፈም ከነስሙ ይታወቃል። ዛሬ በጉግል ድራይቭ ላይ «የለውጥ ታሪክ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ማን፥ መቼ፥ ምን እንደጻፈ የሚመሰክር ኅዳግ።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ደግሞ ዕድርን እናገኛለን። በብዙ ዕድር የገንዘብ ሣጥኑ ከአንድ በላይ ቁልፍ አለው፤ አንዱ ከዳኛው፥ አንዱ ከገንዘብ ያዡ፥ አንዱ ከጸሐፊው ዘንድ ይቀመጣል። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ይህ የሚደረገው ገንዘብ ያዡ ሌባ ነው ተብሎ ነውን? አይደለም። ነገ አንድ ብር ቢጎድል ንጹሑን ሰው ከሐሜት ለማዳን ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፥ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው የሚሠራው። አንድ ጠመኔ ያለ ፊርማ አይወጣም። ጠመኔው በፊርማ ሲወጣ በጠመኔው ተጽፎ የተገኘው የልጅ ውጤት ግን «ሊንኩን ላክልኝ» በሚል ቃል ብቻ ይወጣል። ይህ ያሳዝናል።

ከደጃችን ያለውን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክንም እንመልከት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ጎብኚ ሲመጣ ደባርቅ ባለው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፥ ለሚቆይበት ቀን ይከፍላል፥ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ይዞ ይገባል። ጭላዳውንና ዋሊያውን ያያል፥ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ አይነካም። ቀኑ ሲያልቅ ፈቃዱም ያልቃል። በኛ አነጋገር ጎብኚው «ተመልካች» ነው፤ ያውም ቀነ ገደብ ያለው ተመልካች። ለዋሊያ የተደረገው ጥንቃቄ ለተማሪ ማኅደር ቢደረግ ምን ነውር አለው?

በሌላው ዓለም የነበረውም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር በጋራ የሚሠሩበት ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ዘዴ ነበር። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው። አንድ ቀን ሁለት ኃላፊዎች በአንድ ጊዜ፥ አንዱ የዕለቱን ማስታወቂያ፥ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር ሲያርሙ ማሽኑ ሁለቱን ፋይሎች አምታታቸው። በመሆኑም ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሰውን ሁሉ የይለፍ ቃል አነበበ። እዚህም ላይ ክፉ ሰው አልነበረም። በ1970ዎቹ የተስፋፋው ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት እያንዳንዱን ፋይል «ለባለቤት፥ ለቡድን፥ ለሌላ ሰው» ብሎ ከፍሎ ማንበብን፥ መጻፍንና ማሠራትን ለየብቻ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ይህን ሁሉ በአንድ ደንብ አጠቃለሉት፦ ማንም ሰው ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ፈቃድ አይያዝ። አምሳ ዓመት ሆኖታል። አሳቡ ግን ከዕድሩ ሣጥን አይርቅም።

አሁን ወደ አገራችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ እንምጣ። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የመግቢያ ፈተና በተጀመረበት ዕለት የፈተናው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ተለጥፎ ተገኘ። ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ሰረዘ። ሊፈተኑ የተዘጋጁት 254 ሺህ ያህል ተማሪዎች ነበሩ። ፈተናው በሐምሌ ወር እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ለቀናት ተዘጋ፤ በ2009ም በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ። በኋላም ፈተናው እንዳይሰረቅ ሲባል ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው እዚያ አድረው እንዲፈተኑ ተደረገ። ይህን ያነሣንበት ምክንያት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የፈተና ወረቀት ከአዘጋጁ ወደ አታሚው፥ ከአታሚው ወደ አጓጓዡ፥ ከአጓጓዡ ወደ ፈታኙ ሲሄድ በየደረጃው አንድ ቁልፍ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ከእነዚያ ቁልፎች አንዱ ሲላላ ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? ያን ወረቀት በዓይኑ ያላየው ተማሪ ነው። የገበሬው ልጅ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ከቤቱ ርቆ የሚፈተነው፥ እሱ ያልያዘው ቁልፍ አንድ ቀን ስለላላ ነው። የፈቃድ ጉዳይ የማሽን ጉዳይ አይደለም ያልነውም ስለዚህ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ደርሶ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ነገሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን ከራሱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ብዙው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ወጣ። በሩ ከውስጥ ክፍት ሲሆን የሚገባው ሌባ ብቻ አይደለም፤ በቀን የማይሰርቅ ጎረምሳም «ሁሉም እየወሰደ ነው» ብሎ ይገባል። ኋላ ግን ስሙ አደባባይ ላይ ይሰጣል። ስለዚህ በርን መዝጋት ንብረትን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከፈተና መጠበቅ ነው። ለተማሪ የተከፈተ የማርክ ሊንክም ተማሪውን መፈታተን መሆኑን እንወቅ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ አካል ለተያዘበት ዓላማ ብቻ እንዲያውለውና እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የተማሪ ስም፥ ዕድሜ፥ የወላጅ ስልክ፥ የጤና ሁኔታ፥ ውጤት፤ እነዚህ ሁሉ የግል መረጃ ናቸው። እንዲያው «ለመረጃ ያህል» ብሎ የአንድን ክፍል ማርክ ከነስም ዝርዝሩ ሦስት መቶ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ የተለመደ ነው። የወደቀው ልጅ ግን ስሙ ለመንደሩ ሁሉ ተነበበበት። ይህ መረጃ መስጠት ነው ወይስ ማዋረድ?

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን እናውቃለን። በልምምድ ላይ ሳለን አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር «አይ ልጆች! እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን፤ በቤተሰብ መሀል ምን ቁልፍ ያስፈልጋል?» ብለውናል። እሳቸውን እናከብራለን። ነገር ግን በቤተሰብም ውስጥ የጎተራው ቁልፍ በእናት መቀነት ላይ ይታሰራል፤ ልጅ ስለማይታመን ሳይሆን እህሉ እስከ ክረምት እንዲደርስ ነው። ደግሞም አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አደራ የተቀበለ ሰው በወረቀት ሲሠራ አይቀየምም፤ የሚቀየመው ሳይሠራ ሲጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «በገጠር ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የለ፥ መብራት የለ፥ ኔትወርክ ዳገት ወጥተህ ነው የምታገኘው፤ ይህን ሁሉ ጣጣ ማን ይችለዋል?» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱን ማንም አይረሳውም። በዚያን ጊዜ ፋይሉን በድራይቭ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ፈቃድ እያለው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ በ2013ና በ2014 በጦርነቱ ወቅት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲጎዱ ወረቀት ብቻ የነበራቸው ማኅደራቸውን አጡ። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የምንማረው አንድ ነው። አንዱን ትቶ ሌላውን ማምለክ አይበጅም፤ ወረቀቱም ይኑር፥ ፋይሉም ይኑር፤ ለሁለቱም ኃላፊ ይኑራቸው። ደግሞስ ድሀ ትምህርት ቤት ነው ለጥንቃቄ ይበልጥ የሚያስፈልገው፤ አንድ ፋይል ሲጠፋበት የሚተካበት ሁለተኛ የለውምና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። «እናንተ ቁልፍ ቁልፍ ስትሉ ነገ ኃላፊዎች ሁሉን ነገር ቆልፈው ይደብቁታል» የሚል ነው። ይህን ቃል አንንቀውም። ፈቃድን ማስተካከል ማለት መዝጋት ብቻ ከሆነ እኛም እንቃወመዋለን። ለትምህርት ቤቱ የመጣው የድጎማ ገንዘብ ስንት እንደሆነና በምን እንደዋለ፥ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ፥ የሥልጠና ዕድል ለማን እንደተሰጠ፤ ይህ ለመምህሩም፥ ለወተመህም፥ ለወላጅም ክፍት መሆን አለበት። ለማየት ክፍት፥ ለመጻፍ ግን ዝግ። የልጅ ማርክና የቤተሰቡ ምስጢር ደግሞ ለሚመለከተው ብቻ። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚታየው የተገላቢጦሽ ነው፤ በጀቱ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ተቆልፎ፥ የልጆች ማርክ አደባባይ ተሰጥቶ። እኛ የምንለው ይህ ይገልበጥ ነው።

ስለሆነም ነገ ተመድበን በምንሄድበት ሁሉ የሚከተሉትን እንድናደርግ፥ ኃላፊዎቻችንም እንዲረዱን አሳባችንን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የትምህርት ቤቱ ሰነድ ባለቤት የትምህርት ቤቱ አካውንት ይሁን እንጂ የግለሰብ አይሁን። ማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክም የትምህርት ቤቱ ይሁን። የይለፍ ቃሉን ርዕሰ መምህሩና የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ይወቁት፤ በፖስታ ታሽጎም በካዝና ይቀመጥ። አንድ ሰው ብቻ ካወቀው ያ ሰው ሲታመም ትምህርት ቤቱም አብሮ ይታመማል።

ሁለተኛ፥ ፈቃድ በሥራ ይሰጥ እንጂ በጓደኝነት አይሰጥ። የሒሳብ መምህሩ በሒሳብ ዓምድ ላይ ብቻ ይጻፍ፤ የሌላውን ዓምድ መቆለፍ እንደሚቻል እንማር። የክፍል ኃላፊው የክፍሉን ሮስተር ያጠናቅር። ሱፐርቫይዘሩና የወረዳው ባለሙያ ይመልከቱ፥ አስተያየት ይጻፉ። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይግባ» የሚለው ለተማሪ መረጃ ጨርሶ አይመረጥ።

ሦስተኛ፥ የፈቃድ መዝገብ ይኑር። ኮምፒዩተር አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። ማን፥ ለየትኛው ፋይል፥ ምን ዓይነት ፈቃድ፥ ከመቼ ጀምሮ እንዳለው ይጻፍበት። በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ደብተሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይመሳከር።

አራተኛ፥ መምህር በዝውውር ወይም በጡረታ ሲሄድ የሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። መጽሐፍ መልሷል፥ ንብረት አስረክቧል እንደሚባለው ሁሉ «የያዛቸውን ፋይሎች አስረክቧል፤ ፈቃዱ ተነሥቷል» ተብሎ ይፈረምበት። ርክክብ የምናውቀው ነገር ነው፤ የሚጎድለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ይህች አንድ መስመር ብትኖር ኖሮ እኚያ አባት ሊማሊሞን ሁለት ጊዜ ባልወጡ ነበር።

አምስተኛ፥ ወሰነ ትምህርቱ ሲያልቅ ሮስተሩ ለሁሉም ወደ ተመልካችነት ይመለስ፤ ታትሞ፥ ተፈርሞ፥ ማኅተም ተመትቶ በማኅደር ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ስሕተት ቢገኝ በማመልከቻና በፊርማ ይታረም እንጂ በጣት አይነካ።

ስድስተኛ፥ ይህ ለኛም ትምህርት ይሁን። በአይሲቲ ክፍለ ጊዜያችን የኮምፒዩተርን ክፍሎች ስም ስንሸመድድ ኖረናል፤ አሁን ደግሞ አንድ ሮስተር በጋራ ከፍተን፥ ፈቃድ ሰጥተን፥ ፈቃድ ነሥተን፥ የተበላሸውን ከቀድሞ ቅጂው መልሰን በእጃችን እንድንለማመድ ቢደረግ ትልቅ ጥቅም አለው። ነገ በመንደሩ ውስጥ «ይህን ነገር የሚያውቅ» ተብሎ የሚጠራው ከኛ አንዱ ነውና።

ውድ አንባቢያን፥ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተር፥ አንድ የተጨመረ መስመር፥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር አለ፤ ሮስተርን እንደ ወረቀት ሳይሆን እንደ አደራ ማየት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የልጆቻችንን ማኅደር አጥር አልባ አድርገን ስንተወው የናቅነው ፋይሉን ሳይሆን ልጆቹን ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ እንዳንሆን ከወዲሁ እናስብበት። በዚህ ላይ የተለየ አሳብ ያላችሁ ጓደኞቻችን ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን፤ ለመወያየት ዝግጁ ነን። ለማንበብም ለመጻፍም ለሁሉም የተፈቀደ ነገር ቢኖር ይህ ግድግዳ ነውና።